ኤርታሌን በቀረርቶ ጆሮ

ጃኖ ባንድ በ2005 ዓ.ም. «ኤርታሌ» የተሰኘውን የሮክ አልበሙን ይዞ ብቅ ሲል አድማጩ ወዲያው ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ወገን ጩኸት ነው፣ የፈረንጅ ሮክ አማርኛ ለብሶ መጣ፣ የእኛ ለዛ የለበትም አለ። ሌላው በመጨረሻ የዓለምን ደረጃ ደረስን ብሎ አጨበጨበ፤ ዋና ማስረጃው ደግሞ የአልበሙ ፕሮዲውሰር አሜሪካዊው ቢል ላስዌል መሆኑ ነበር። ያ ሙግት እስካሁን አልበረደም። የሚያጓራ ጊታርና ደረት የሚመታ ድራም ያለበት ሥራ በተሰማ ቁጥር በካፌውም በሬዲዮውም ያው ሁለት ፍርድ ይመለሳል። ልብ ብሎ ላያቸው ግን ሁለቱ ወገኖች አንድ ጉድለት ይጋራሉ፤ ዘፈኑን ሳይመረምሩ ነው የፈረዱት። የመጀመሪያው የጊታሩን ትውልድ አገር ጠየቀ፣ ሁለተኛው የፕሮዲውሰሩን። ድምፃዊው የት ላይ ከፍ እንዳለ፣ የት ላይ እንደደከመ፣ ድራሙ ግጥሙን አጅቦት ይሁን ውጦት የነገረን ሰው ጥቂት ነው።

እንዲህ ያለውን አልበም ለመመዘን የሚበቃ ጆሮ ከውጭ መዋስ አያስፈልገንም ባይ ነኝ። ጆሮው እዚሁ አለ። ከጉና ተራራ ወዲያ ማዶ፣ በላይና በታች ጋይንት፣ በስማዳ፣ በእስቴ፣ ቀረርቶና ሽለላ እየሰማ ያደገ ሰው ከባድ ሙዚቃን የሚሰማበት ሚዛን አለው፤ ያጣው ነገር ቢኖር ያ ሚዛን ለዚህም እንደሚሠራ የነገረውን ሰው ነው። ይህን የምለው ለአገር ልጅ ለማዳላት ብዬ አይደለም። ከሙዚቃው ባሕርይ የሚነሳ ምክንያት አለኝ።

ከባድ ሮክ ወይም ሄቪ ሜታል የሚባለው ሙዚቃ የተወለደው በእንግሊዟ የፋብሪካ ከተማ በበርሚንግሃም ነው። ብላክ ሳባዝ የተባለው ባንድ የመጀመሪያ አልበሙን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1970 ሲሆን ጊታር ተጫዋቹ ቶኒ አዮሚ በብረታ ብረት ፋብሪካ ሲሠራ የሁለት ጣቶቹን ጫፍ ማሽን የቆረጠበት ሰው ነበር። ከዚያ ግንድ ከበቀሉት ቅርንጫፎች አንዱ ፓወር ሜታል ይባላል። የጀርመኑ ሄሎዊን በ1987 እና በ1988 ያወጣቸው ሁለት ተከታታይ አልበሞች የዚህ ዘርፍ መሠረት ተደርገው ይጠቀሳሉ። መለያዎቹ ግልጽ ናቸው፤ ከጊታሩ በላይ ከፍ ብሎ የሚጮህ የወንድ ድምፅ፣ የፈረስ ግልቢያን የሚመስል ፈጣን ምት፣ ብዙ ሰው በአንድ አፍ የሚመልሰው አዝማች፣ ስለ ጀግና፣ ስለ ዘመቻና ስለ ሞት የሚተርክ ግጥም። አድናቂዎቹ ደግሞ ክርክር ወዳዶች ናቸው። አንድ አልበም ሲወጣ ድምፃዊው ያንን ከፍታ በጉሮሮው ይዞታል ወይስ ስቱዲዮ ነው ያወጣው፣ ድራሙ ሰው ይመታዋል ወይስ ማሽን፣ ታሪኩ እስከ መጨረሻው ዘፈን ይዘልቃል ወይስ ከመሐል ይበጠሳል እያሉ ዘፈን በዘፈን ይሟገታሉ። የሚወዱትን ባንድ እንኳ አይምሩም።

አሁን ቀረርቶን አስቡት። በሰርግ ወይም በደቦ ላይ አንድ ሰው ከሸንጎው ነጠል ብሎ ይቆማል። ምት የለም። የመጀመሪያውን ስንኝ ከፍ ካለ ቦታ ይጀምርና ድምፁን እዚያው ላይ ያቆየዋል፤ እያንቀጠቀጠ፣ እየጎተተ፣ ትንፋሹ ሊያልቅ ሲል ደግሞ ወደ ታች ይለቀዋል። ማሲንቆ ካለ ከሥሩ እየተከተለ ይሄዳል እንጂ አይቀድመውም። ቀጥሎ ሽለላው ይመጣል፤ ምቱ ይያዛል፣ ተቀባዩ ይመልሳል። ከዚያ ፉከራው፤ ዜማው ይቀርና ቃሉ ብቻ እንደ ጥይት ይወረወራል፣ ፎካሪው እየተንጎራደደ የአባቱን ስም፣ የተራራውን ስም፣ የጠመንጃውን ስም ይጠራል። በዚህ ሥርዓት ያደገ አድማጭ ስለ ድምፅ ከፍታ፣ ስለ ምት መፋጠን፣ ስለ አዝማች መመለስ፣ ስለ ጀግና ትረካ ምን ይጎድለዋል? ድምፁ ያልወጣለትን ፎካሪ አገሩ ወዲያው ያውቀዋል። ያልዋለበትን የሚያወራውንም እንዲሁ። ለፓወር ሜታል አድናቂ ዋና የሆኑት ጥያቄዎች ሁሉ እዚህ ከጥንት ጀምሮ ሲጠየቁ የኖሩ ናቸው።

ይህ የእኔ ምኞት የፈጠረው ዝምድና እንዳልሆነ የሚመሰክር ሰው ነበረን፤ ሳክስፎን ተጫዋቹ ጌታቸው መኩሪያ። ጌታቸው የይፋት ሰው ነው። ከማዘጋጃ ቤት ባንድ ተነስቶ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርና በፖሊስ ኦርኬስትራ ያገለገለ፣ ሽለላንና ፉከራን ከሰው ጉሮሮ ወደ ቴነር ሳክስፎን ያሻገረ ነው። የአንበሳ ጎፈር ደፍቶ መድረክ ላይ ሲወጣ የሚነፋው ዘፈን ሳይሆን ፉከራ ነበር፤ ድምፁ ይሻክራል፣ ይጮኻል፣ ይሰበራል፣ እንደገና ይነሳል። እ.ኤ.አ. በ2004 ወደ አምስተርዳም በሄደበት ጊዜ ዘ ኤክስ የተባለውን የሆላንድ ፐንክ ባንድ ሰማ። ዘ ኤክስ ጊታራቸው የሚያጓራ፣ ምታቸው ጨካኝ፣ ከኢትዮጵያ ሙዚቃ ጋር በመልክ የማይገናኙ ሰዎች ናቸው። ሽማግሌው ጌታቸው ግን ከእነሱ ጋር መሥራት እንደሚፈልግ ራሱ ጠየቀ። በ2006 «ሞዓ አንበሳ» የተሰኘው አልበም ተወለደ፤ በ2012 ደግሞ ሌላ ጨመሩበት። የሙግቴ ትልቁ ማስረጃ ይህ ነው። ፉከራን ሃምሳ ዓመት ሲነፋ የኖረ ሰው ጆሮውን አምኖ መረጠ፣ የመረጠውም ለስላሳውን ጃዝ ሳይሆን የሚያጓራውን ጊታር ነው። ፉከራው በዚያ ጊታር ላይ ቤቱን አገኘ። ጌታቸው እ.ኤ.አ. በ2016 አረፈ፤ እነዚያን ሁለት አልበሞች የሰማ ሰው ግን ከባድ ሙዚቃ ለእኛ ባዕድ ነው የሚለውን ፍርድ እንደገና ማየት ይኖርበታል።

በዚህ ሙግቴ ላይ ከሚነሱት ተቃውሞዎች የመጀመሪያው ስለ ድምፁ ነው። ሙዚቃ ጥርት ማለት አለበት፤ ሆን ተብሎ የተበላሸ ድምፅ ሙዚቃ አይባልም ይላሉ። ይህን የሚል ሰው በገናን ቀርቦ ይመልከት። አሥሩ ክሮች ወጥተው በድልድዩ ላይ ሲያርፉ በየክሩና በድልድዩ መካከል እንዚራ የሚባል ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ይገባል። ደርዳሪው ያችን ቆዳ እየገፋ፣ እየሳበ፣ ክሩ ሲነካ የሚነዝርበትን ቦታ ይፈልጋል። እንዚራው ከሌለ በገና አጭር፣ ደረቅ፣ ቶሎ የሚጠፋ ድምፅ ይሰጣል፤ ሲኖር ነው ያ የምናውቀው ጥልቅ ንዝረት የሚመጣው። ማለትም አባቶቻችን ለጸሎትና ለተመስጦ በሚደረደረው መሣሪያ ላይ ድምፁን ሆን ብለው አሻክረውታል፣ ሻካራነቱ ክብደትና ርዝመት ስለሚሰጠው። ጊታር ተጫዋቹ በማጉያው የሚያደርገው ከዚህ በዓላማ አይለይም፤ ክሩ ቶሎ እንዳይሞት፣ ከድምፃዊው ጋር እኩል መጎተት እንዲችል ነው። የሚለየው ልኩ ነው። ስለ ልኩ ደግሞ መከራከር ይቻላል፣ ይገባልም።

ከቅኝት አንጻርም የሚያጣላቸው ነገር የለም፤ እንዲያውም ይስማማሉ። ከባድ ጊታር አብዛኛውን ጊዜ የሚመታው ሙሉ ኮርድ አይደለም፤ መነሻውን ድምፅና አምስተኛውን ብቻ ነው። ሦስተኛው ድምፅ በሚያጓራ ማጉያ ውስጥ ሲገባ ስለሚደፈርስ ይተዉታል። በዚህ ምክንያት ጊታሩ ደስታም ኀዘንም ሳይወስን ከሥር መሠረት ብቻ ይጥላል። ትዝታ፣ ባቲና አምባሰል ሦስቱም መነሻውንና አምስተኛውን ድምፅ ይዘዋል፤ ስለዚህ ዜማችን በዚያ መሠረት ላይ ሳይጋጭ ይቆማል። በአራት ድምፅ ኮርድ ከተሞላ የኪቦርድ አጃቢ ይልቅ ይህ ባዶ ኮርድ ለቅኝታችን ይቀርባል። አንቺ ሆዬ ደግሞ ይባስ። አምስተኛው ድምፅ በግማሽ ዝቅ ያለ ነው፤ ከመነሻው ጋር ሲሰማ የሚፈጥረው ያ የመረበሽ ስሜት ብላክ ሳባዝ የመጀመሪያ አልበሙን የከፈተበት ርቀት ራሱ ነው። አውሮፓውያን ያንን ርቀት ለፍርሃትና ለጨለማ ሲያውሉት እኛ በሰርግ እንጨፍርበታለን። ይህን ልዩነት በቅጡ የሚጠቀምበት ባንድ ቢመጣ ዓለም ያልሰማው ነገር ይሰማ ነበር።

መሣሪያው መጤ ነው የሚለውን ክርክር በአጭሩ ልለፈው፤ ክብደት የለውም። ራስ ተፈሪ አርባዎቹን የአርመን ልጆች ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው እ.ኤ.አ. በ1924 ነው። የናስ መሣሪያ በእነዚያ ልጆች ሙዚቃ በኩል ሥር ሰደደ፤ ዛሬ ያለ ሳክስፎን የቆየ የአማርኛ ዘፈን ማሰብ አይቻልም። ሰላም ስዩም በአይቤክስና በሮሃ ባንድ የተጫወተው ኤሌክትሪክ ጊታር የስንቱን ድምፃዊ ካሴት እንደተሸከመ የሚያውቅ ያውቀዋል። በየሰርጉ የሚሰማው የጎንደር ጭፈራ ራሱ አሁን ድራሙ ከኪቦርድ ማሽን ነው የሚወጣው፤ ያንን መጤ ያለው ሰው የለም። የለመድነውን የእኛ፣ ያልለመድነውን የፈረንጅ ማለት የልማድ ፍርድ ነው፤ ስለ ሥራው ጥራት የሚነግረን ነገር የለም።

የመመዘኛውን ነገር ካነሳን ጋይንትና እስቴ ከማንም የማይበደሩት ሌላ ሀብት አላቸው። የድጓ ምስክር የሚሰጥበት ጋይንት ቤተልሔም ነው። የቅዱስ ያሬድን ዜማ በሌላ ደብር ለዓመታት የተማረ ሰው ማረጋገጫውን የሚያገኘው እዚያ ሄዶ በመምህሩ ፊት ሲዘልቀው ነው። ተማሪው በገዛ እጁ የጻፈውን ድጓ ይዞ ይቀርባል፤ መምህሩ ፊደሉን ብቻ ሳይሆን ከፊደሉ በላይ ያለውን ምልክት አንድ በአንድ ያርመዋል። ይህ ምልክት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል የተደራጀ ነው፤ ድምፁ የት እንደሚወጣ፣ የት እንደሚረግጥ፣ የት እንደሚታጠፍ ይናገራል። ቤተልሔም የራሷ የዜማ ስልት አላት፣ በእስቴ ስሟ የሚነሳው ቆማም የራሷ፤ ሊቃውንቱ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ቦታውን ጠቅሰው፣ በዜማ አሳይተው ይነግሩሃል። የአንዱ ስልት ሰው ሌላውን ጩኸት ነው ብሎ አያጣጥልም። እዚህ ላይ ይህ ይነሳል፣ እዚያ ላይ ያ ይረግጣል ይላል እንጂ። ስለ ሙዚቃ አስተያየት መስጠት ማለት ይህ ነው፤ በዚህ ረገድ የጋይንት አድማጭ ትልቅ አርአያ በደጁ አለው።

እዚህ ላይ የምእመኑ ተቃውሞ እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ ቀላል ተቃውሞም አይደለም። የቤተ ክርስቲያንን ዜማ ከሰይጣን ጋር ስሙ ከሚነሳ ሙዚቃ ጎን ማቆም ድፍረት ነው የሚሉ ይኖራሉ። የያሬድ ዜማ በጊታር ይታጀብ የሚል ሐሳብ የለኝም፤ ዜማው በቦታው፣ በሥርዓቱ፣ በከበሮውና በጸናጽሉ ይኑር። የምለው ስለ ጆሮው ነው። ድጓ ሲዘለቅ እየሰማ ያደገ ጆሮ ከቅዳሴ በኋላም ያው ጆሮ ነው፤ የሰርግ ዘፋኝንም፣ አዝማሪንም፣ ባንድንም በጥንቃቄ መስማት ይችላል። ስለ ሰይጣኑ ደግሞ፦ በዚህ ሙዚቃ ውስጥ ጨለማን የሚያወድሱ ቅርንጫፎች እንዳሉ አይካድም፣ እኔም ለእነሱ ጥብቅና አልቆምም። ፓወር ሜታል በአመዛኙ የጀግና ተረትና የታሪክ ትረካ ነው። ስዊድናዊው ባንድ ሳባቶን እ.ኤ.አ. በ2012 አንድ ሙሉ አልበም ለአገሩ ነገሥታትና ለጦርነት ዘመናቸው ሰጥቶ በስዊድንኛም በእንግሊዝኛም አወጣው። እኛም በዚያው ዓመት የቴዲ አፍሮን «ጥቁር ሰው» ስንሰማ ነበር፤ ዐድዋን ከጊታርና ከድራም ጋር የሰማ ሕዝብ የዚህን ዘርፍ መንፈስ አያውቀውም ማለት ይከብዳል።

እንግዲህ በዚህ ሚዛን «ኤርታሌ» ምን ያህል ይመዝናል? ድምፁ ላይ ከፍ ያለ ነጥብ እሰጠዋለሁ። ባንዱ በአንድ ድምፃዊ ላይ አልተንጠለጠለም፤ ዲበኩሉ ታፈሰና ኃይሉ አመርጋ፣ ሔዋን ገብረወልድና ሃሌሉያ ተክለጻድቅ፣ ሁለት ወንድና ሁለት ሴት ሆነው ይቀባበላሉ። አቀንቃኝና ተቀባይ ያለው የእኛ አዘፋፈን በዚህ ተጠቅሟል። ዲበኩሉ ድምፁን እያዞረ ሲያወጣው ጊታሩ ሊሸፍነው አይችልም፤ ቀረርቶ የለመደ ሰው ይህን ሲሰማ ወዲያው ያከብራል። ላስዌል የእጅጋየሁ ሽባባውን እ.ኤ.አ. የ2001 አልበምም የሠራ ስለሆነ ለአማርኛ ድምፅ ባዳ አይደለም፤ ዝቅ ያለውን የቤዝ ድምፅ በሰፊው አስቀምጦ ድምፃውያኑን ከላይ ማውጣቱን ያውቅበታል። ሆኖም ለሥራው ምስጋና የሚገባው ሥራው ስለተሰማ እንጂ ስሙ ስለተጠራ መሆን የለበትም፤ የዓለም ደረጃ የሚለው ጭብጨባ ለላስዌልም ለጃኖም የሚጠቅም አይደለም።

ጉድለቱ ላይ ስመጣ የማነሳው ጩኸቱን አይደለም፤ እንዲያውም ጩኸቱ አንሷል እላለሁ። በብዙ ቦታ ጊታሩ ዘፈኑን ለማድመቅ ይገባል፣ ዘፈኑ ግን ያለ እሱም በለመድነው መንገድ መሄድ የሚችል ነው። የቀረርቶ አጃቢ እንዲህ አያደርግም፤ ማሲንቆው ድምፃዊው በተነፈሰበት ክፍተት ገብቶ ያንኑ ሐረግ ይመልስለታል፣ ይሞግተዋል፣ አንዳንዴ ያስቆጣዋል። ጊታሩ ያንን ሥራ ቢወስድ ኖሮ አልበሙ ሌላ ነገር ይሆን ነበር። ሁለተኛው ጉድለት ትረካው ነው። አልበሙ በአፋር ምድር በሚንተከተከው እሳተ ገሞራ ስም ተጠራ፤ እንዲህ ያለ ስም የተሰጠው ሥራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚያያዝ ታሪክ ይጠበቅበታል። «ኤርታሌ» የመልካም ዘፈኖች ስብስብ ሆኖ ቀረ። የእኛ የካሴት ልማድ ይህንኑ ስለሚፈቅድ ብዙ ሰው ጉድለቱን ላያየው ይችላል። ከቀረርቶ ወደ ሽለላ፣ ከሽለላ ወደ ፉከራ የሚያድግ ሥርዓት እያለን ግን ዘፈን ደርድሮ ማቆም የሚያሳዝን ነው።

ከሁሉም የሚከብደኝ ተቃውሞ ሌላ ነው። ፉከራ የደም ዘፈን ነው፤ በዚህ ጊዜ፣ በዚህ በአማራ ክልል፣ እሱን በድራምና በማጉያ አጋንኖ ለወጣት ማሰማት እሳት ላይ ጭድ መጨመር ነው የሚል። ይህን የሚል ሰው ዝም ብሎ አይደለም የሚናገረው። የላይ ጋይንቷ ነፋስ መውጫ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. በትግራይ ኃይሎች እጅ በነበረችበት ጊዜ በሴቶቿ ላይ የተፈጸመውን መደፈር አምነስቲ ኢንተርናሽናል በ2014 ዓ.ም. ሪፖርቱ መዝግቦታል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህም ክልሉ ወደ ሌላ ጦርነት ገብቷል። ቤቱ ኀዘን የገባ ሕዝብ የጀግና ዘፈን ሲሰማ ምን እንደሚሰማው ማንም ቢሆን አቃልሎ መናገር የለበትም።

ሆኖም መልሱ ዘፈኑን ዝም ማሰኘት አይመስለኝም፤ ዘፈኑ ሙሉ እንዲሆን መጠየቅ ነው። በእነዚህ ወረዳዎች የጀግናው ዘፈን ብቻውን ኖሮ አያውቅም። ፎካሪው በሸለለበት መንደር አልቃሿ ሙሾ ታወርዳለች፤ የወደቀውን በስሙ ትጠራለች፣ ያስቀራቸውን ልጆች ትቆጥራለች፣ አንዳንዴም የላከውን ሰው ትወቅሳለች። የዐፄ ቴዎድሮስን ታሪክ ውሰዱ። በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የተሠራው ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል መድፍ ወደ መቅደላ ሲጎተት መንገዱ በጋይንት ምድር ነበር። ይህ ለፓወር ሜታል አልበም የተፈጠረ ታሪክ ነው፤ ብረት፣ ገደል፣ እጅግ ብዙ ጎታች፣ በመጨረሻው እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1868 ላይ የንጉሡ ሞት። ነገር ግን ያው ንጉሥ በመጨረሻ ዓመታቱ የበጌምድርን ገበሬ ማሳ ያዘረፈ፣ ጎንደርን ያቃጠለ ሰው ነው። መድፉን የጎተተው ገበሬ ምን አስቦ ይሆን? ንጉሡን ብቻ የሚያሞግስ አልበም ቢመጣ የጋይንት አድማጭ የመጀመሪያው ከሳሽ መሆን ይገባዋል፤ የገበሬው ድምፅ የታለ፣ የአልቃሿ ተራ የት ደረሰ ብሎ። ጃኖ ሴት ድምፃውያኑን ከአጃቢነት አውጥቶ ከወንዶቹ እኩል ማቆሙን የማደንቀው ለዚህም ጭምር ነው፤ በር ከፍቷል። እንዲህ ያለ የአድማጭ ጥያቄ ከማንኛውም ሳንሱር ይልቅ ከጭፍን የጦርነት ውዳሴ ይጠብቀናል።

እነዚህን ወረዳዎች በዚህ ጉዳይ ማን ይጠይቃቸዋል፣ ገበሬው መች ሮክ ይሰማል የሚለው ደግሞ ንቀት አለበት። በስማዳ ወገዳም በታች ጋይንት አርብ ገበያም ወጣቱ ዘፈን የሚሰማው በስልኩ ነው፤ በሚሞሪ ካርድ ተቀድቶ ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል፣ የአዲስ አበባ ልጅ የሰማው እዚያም ይደርሳል። ከባድ ሙዚቃ የከተማ ሰው ብቻ እንዳልሆነ ለማየት በቦትስዋና የሆነውን እንይ። ከብት አርቢ በሚበዛበት በዚያ አገር ስኪንፍሊንትና ረስት የመሳሰሉ የሜታል ባንዶች ተነሱ፣ አድናቂዎቻቸው ጥቁር ቆዳ ለብሰውና የከብት ጠባቂ ባርኔጣ ደፍተው በመንገድ ሲሄዱ ዓለም ፎቶ አነሳቸው። ስኪንፍሊንት እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣውን አልበም በዙሉ ጦር ስም ሰየመው። እነዚያ ሰዎች ፈቃድ አልጠየቁም፤ የራሳቸውን አፈ ታሪክ ይዘው ገቡበት። አድማጮቻቸውም የእኛ ነው አይደለም በሚል ሲጨቃጨቁ አልቀሩም፤ ኮንሰርት ሞልተው ባንዶቹን በእግራቸው አቆሙ። እኛ ከእነሱ የበለጠ ሀብት ይዘን በመነሻው ጥያቄ ላይ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይተናል።

ስለዚህ የባህር ዳርና የደብረ ታቦር የሬዲዮ አዘጋጆች የሚቀጥለው ከባድ አልበም ሲመጣ አንድ ነገር ቢሞክሩ እወዳለሁ። ከሙዚቃ ባለሙያው ጎን ከስማዳ ወይም ከእስቴ ቀረርቶ የሚያውቅ አዛውንት ያስቀምጡ፤ ዘፈኑን አንድ ጊዜ ሙሉውን፣ ሁለተኛ ጊዜ እያቋረጡ ያሰሙት። ወደዱት ወይስ ጠሉት ብለው አይጠይቁት። ድምፃዊው ትንፋሹ የት ላይ አለቀበት፣ አጃቢው የት ላይ ቀደመው፣ የትኛውን ስንኝ ሳይውልበት ተናገረው ብለው ይጠይቁት። የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ደግሞ እነዚህ አዛውንቶች ሳያልፉ ቀረርቶአቸውን በጥሩ መቅረጫ ይቅረጽ፤ ለሙዚየም ብቻ ሳይሆን ጊታር ይዞ ለሚቀመጠው ለቀጣዩ ባንድ። ጌታቸው መኩሪያ ሳክስፎኑን ከፉከራ ጋር ያጋባው ጉሮሮውን ጠንቅቆ ስላወቀ ነበር፤ ጊታር የያዘው ወጣት ደግሞ ያንን ጉሮሮ የሚሰማበት ቅጂ እንኳ በቀላሉ አያገኝም።